እፉኝት የሚመስለው እንቁላል በሊታ እባብ፦ በምን ይለያል?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። «ማታ ዶሮ ቤት ስንገባ አንድ እባብ አገኘን። ቡናማ ነው፤ ጀርባው ላይ ጠቆር ያሉ ምልክቶች ተደርድረዋል። ሲያየን ተጠቀለለ፣ ጭንቅላቱን ጠፍጣፋ አደረገና እንደ እፉኝት ያፏጭ ጀመር። አፉን ሲከፍት ውስጡ ጥቁር ነው። ሁለት ሦስቴ ሊነድፈን ተወረወረ። አባቴ በዱላ መታው። ታናሽ ወንድሜ ግን ‹ይሄ እንቁላል በሊታ ነው፣ መርዝ የለውም› ብሎ ገና ሳይሞት በእጁ ሊያነሳው ነበር፤ ጮኸን ነው ያስጣልነው። ዶሮዎቹ የሚጥሉበት ጥግ ላይ ተጨማዶ የተጣለ የእንቁላል ቅርፊት አገኘን። እባቡ የትኛው ነው? ለሌላ ጊዜስ በምን እንለየው?»

ከነገሩን ተነስቼ ስናገር እንቁላል በሊታ ሳይሆን አይቀርም። ሳይንሳዊ ስሙ ዳሲፔልቲስ ነው። መርዝ የለውም፤ ለመንከስ የሚበቃ ጥርስ እንኳ የለውም። ስለዚህ ወንድምዎ ስለ እባቡ ልክ ነበር። እጁን መዘርጋቱ ግን ትልቅ ስህተት ነው። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ከሁሉም በላይ ልነግርዎ የምፈልገው እሱን ነውና።

መጀመሪያ ስለ ቅርፊቱ እናውራ። ከጻፉልን ሁሉ ጠንካራው ማስረጃ እሱ ነው።

እንቁላል በሊታ የወፍ እንቁላል እንጂ ሌላ ምንም አይበላም። አይጥ አይነካም፣ ጫጩት አይነካም፣ እንቁራሪት አይነካም። እንቁላል የሚበሉ ሌሎች እባቦችም አሉ፤ ኮብራ አንዱ ነው። እነሱ ግን እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ይውጡትና ሆዳቸው ውስጥ ያሟሙታል። ቅርፊቱን ጨምቆ መልሶ የሚተፋው ይሄኛው ነው።

ሲበላ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ማየት በጣም ደስ ይላል፤ ስንቴ ባየውም አይሰለቸኝም። እባቡ እንቁላሉን መጀመሪያ በምላሱ እየነካካ ይፈትሸዋል፣ በአፍንጫው ገፋ ገፋ ያደርገዋል። የተበላሸ ወይም ጫጩቱ ውስጡ ያደገ ከሆነ ትቶት ይሄዳል። ጥሩ ከሆነለት እንቁላሉ እንዳይንከባለል አንዱን የሰውነቱን እጥፋት ከኋላው ደገፍ ያደርግና አፉን ይከፍታል። ጭንቅላቱ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። እንቁላሉ ደግሞ የጭንቅላቱን ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል። አይገባም ብለው ሲያስቡ መንጋጋው በሰፊው ይከፈታል፣ የአንገቱ ቆዳ ይለጠጣል። የቆዳው ቅርፊቶች እርስ በርሳቸው ተራርቀው በመካከላቸው ስስ ቆዳ ብቻ ይታያል። ቀስ እያለ፣ እየተነፈሰ፣ ሙሉውን ያስገባዋል።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ነው። እንቁላሉ አንገቱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። እዚያ ቦታ ላይ ከአከርካሪው ወደ ታች የወጡ አጥንቶች አሉ፤ የምግብ ቧንቧውን ግድግዳ አልፈው ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። እባቡ አንገቱን ያጎብጥና እንቁላሉን በነዚህ አጥንቶች ላይ ይጫነዋል። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ከሆኑ ቀጭን የስንጥቅ ድምፅ ይሰማሉ። ፈሳሹ ወደ ሆድ ይወርዳል፤ ቅርፊቱ እንዳይከተለው ሆዱ ከላይ ይዘጋል። ከዚያ አንገቱን እየጠመዘዘ ይጨምቀዋል። በመጨረሻ ተጨምቆ ጠፍጣፋና ረዘም ያለ ቅርፊት ከአፉ ይወጣል። የተሰባበረው ቅርፊት አይበታተንም፤ ከውስጥ ያለው ስስ ሽፋን አያይዞ ይይዘዋል። እናንተ ያገኛችሁት ይሄንን ይመስለኛል። አይጥ ወይም ሸለምጥማጥ የሰበረው እንቁላል እንዲህ አይሆንም፤ ተበታትኖ፣ አስኳሉም ፈስሶ ነው የሚገኘው።

የዶሮ እንቁላል መዋጥ የሚችሉት ደግሞ ትልልቆቹ ናቸው። ብዙዎቹ ከ50 እስከ 75 ሳንቲሜትር ይረዝማሉ፤ ትልልቆቹ ወደ 1 ሜትር ይጠጋሉ። ትናንሾቹ የሚኖሩት በትናንሽ ወፎች እንቁላል ነው። ዛፍ ላይ በደንብ ይወጣሉ። ወፎች በሚፈለፍሉበት ወቅት ጠግበው በልተው ለቀረው ጊዜ ወራት ሙሉ ጾማቸውን መዋል ይችላሉ።

አሁን ወደ ማስመሰሉ ልምጣ።

ይህ እባብ ለመንከስ የሚበቃ ጥርስ የለውም ብያለሁ። ከኋላ ጥቂት ጥቃቅን ጥርሶች አሉ፣ ለመከላከያ ግን አይረቡም። ታዲያ ጭልፊት ወይም ፋሮ ሲመጣበት ምን ያድርግ? አስመስሎ ያስፈራራል። የሚያስመስለውም ዝም ብሎ አይደለም። በአፍሪካ ቀንድና በሰሜን አፍሪካ ደረቅና ቆላማ ቦታዎች አንድ አነስተኛ እፉኝት አለ፤ ሳይንሳዊ ስሙ ኤኪስ ነው። ኤኪስ ሲፈራ ሰውነቱን በግማሽ ክብ እያጠፈ ያነባብራል። ከዚያ እጥፋቶቹን በተቃራኒ አቅጣጫ እርስ በርስ ያፋትጋል። የጎኑ ቅርፊቶች ሸካራና የመጋዝ ጥርስ ያላቸው ስለሆኑ ሲፋተጉ ጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ ሲል የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ያወጣሉ። ብዙ ሰው ከአፉ የሚወጣ ፉጨት ይመስለዋል፤ ድምፁ የሚወጣው ግን ከቆዳው ነው።

እንቁላል በሊታውም ልክ ይሄንኑ ያደርጋል። የጎኑ ቅርፊቶች እንደ ኤኪስ ቅርፊቶች የመጋዝ ጥርስ አላቸው። እንደ ኤኪስ ይጠቀለላል፣ እንደ ኤኪስ ይፋተጋል። ጭንቅላቱን ከኋላ በኩል አስፍቶ ሦስት ማዕዘን ያደርገዋል። ሰውነቱን ይነፋል። ከዚያ አፉን በልጥጦ ይወረወራል። እናንተ ላይ የተወረወረባችሁም ለዚህ ነው። ቢያገኛችሁ ኖሮ እንኳ የሚነካችሁ ድድ ነበር።

ይበልጥ የሚገርመው በየአካባቢው የሚመስለው እፉኝት የተለያየ መሆኑ ነው። ኤኪስ ባለበት አካባቢ ኤኪስን ይመስላል። በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ፣ ጀርባው ላይ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ካውሰስ የተባለ እፉኝት ባለበት ቦታ ደግሞ ካውሰስን ይመስላል። በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ በረሃ ከዓይኑ በላይ ቀንድ ያለውን ትንሽ እፉኝት የሚመስልም አለ። ካርል ጋንስ የተባሉ ተመራማሪ ይሄንን በዝርዝር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1961 አሳትመዋል። በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ ቦታዎች ያለው ዘመዱ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ነጠብጣብ የለውም፤ ወጥ ጥቁር ወይም ወጥ ቡናማ ነው። እሱም ሲነኩት ያው ትርዒቱን ያሳያል።

ጉዳት የሌለው እንስሳ አደገኛውን መስሎ ከአዳኝ የሚያመልጥበትን መንገድ መጀመሪያ ያብራሩት እንግሊዛዊው ሄንሪ ቤትስ ናቸው። አማዞን ጫካ ውስጥ ቢራቢሮዎች ሲያጠኑ የደረሱበት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1862 ጽፈውታል። በእባብም እንደሚሠራ ተፈትኗል። አውሮፓ ውስጥ ተመራማሪዎች ከሸክላ መሰል ነገር እባቦች ሠርተው ሜዳ ላይ አስቀመጡ። ጀርባቸው ላይ የእፉኝት ዚግዛግ የተሳለባቸውን አዳኝ ወፎች ከሌሎቹ ባነሰ ሁኔታ ነኩ። ወፍ በምልክቱ ብቻ ይሸሻል ማለት ነው። ሰው ላይ ግን ማስመሰሉ ተቃራኒ ውጤት ያመጣል። ሰው ሲፈራ ዱላ ያነሳል፤ እባቡን ከጭልፊት ያዳነው ገጽታ በሰው እጅ ያስገድለዋል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስሄድ፣ «በምን እንለየው?» ለሚለው ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማናቸው ሁለት ደንቦች አሉ። አንዱ ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ከሆነ መርዛማ ነው ይላል። ሌላው ዓይኑ የድመት ዓይን ከሆነ መርዛማ ነው ይላል። ሁለቱንም እርሷቸው። እለምንዎታለሁ።

እንቁላል በሊታ የዓይኑ ብሌን ቁልቁል የተሰነጠቀ ነው። በደንቡ ከሄድን መርዛማ ሊሆን ነው፤ አይደለም። ካውሰስ እውነተኛ እፉኝት ነው፤ የመርዝ ጥርስ አለው፣ መርዝ አለው። የዓይኑ ብሌን ግን ክብ ነው። በደንቡ ከሄድን «ምንም አያደርግም» ተብሎ ይነሳል። ኮብራና ማምባም ብሌናቸው ክብ ነው። ጭንቅላታቸውም ሦስት ማዕዘን አይደለም፤ ቀጠን ያለ ነው። ማምባ ደግሞ በአፍሪካ ከሚፈሩት ሁሉ የሚፈራ ነው። ስለዚህ ደንቡ በሁለቱም በኩል ይሳሳታል። በአንድ በኩል ሲሳሳት ምስኪን እባብ ይሞታል። በሌላ በኩል ሲሳሳት ሰው ይሞታል።

የአፉ መጥቆርስ? እውነት ነው፣ የእንቁላል በሊታ አፍ ውስጡ ጥቁር ነው፤ የኤኪስ ግን ሮዝ ወይም ነጣ ያለ ነው። ነገር ግን ይሄንን ለወንድምዎ እንደ ደንብ እንዳይነግሩት። አፉ ጥቁር የሆነ ሌላ እባብ አለ፤ ስሙን ራሱ ያገኘው ከአፉ ጥቁረት ነው። ጥቁር ማምባ።

ባለሙያ በምን ይለየዋል ካሉ፣ አንድ ምልክት ብቻ አያይም። ግልጽ ፎቶ ካገኘሁ መጀመሪያ የማየው የጭንቅላቱን አናት ነው። ኤኪስ አናቱ ላይ ያሉት ቅርፊቶች ጥቃቅንና ብዙ ናቸው፤ እንቁላል በሊታ ግን ጥቂትና ሰፋፊ ቅርፊቶች ነው ያሉት። ይሄ ከኤኪስ ይለየዋል። ከካውሰስ ግን አይለየውም፣ ካውሰስም አናቱ ላይ ሰፋፊ ቅርፊቶች አሉትና። ለእሱ ደግሞ ቆዳውን አያለሁ። የካውሰስ ቆዳ ለስለስ ያለ ነው፤ የእንቁላል በሊታው ሻካራ ነው፣ እያንዳንዱ ቅርፊት መካከሉ ላይ ጎላ ያለ መስመር አለው። ካውሰስ አናቱ ላይ ወደ ፊት የሚያመለክት አንድ ትልቅ ጥቁር የቀስት ቅርጽ ይኖረዋል። እንቁላል በሊታው ላይ ቀጠን ያሉ ተመሳሳይ ቅርጾች አንገቱ ላይ ተከታትለው ይታያሉ። ጅራቱንም አያለሁ፤ የእፉኝት ጅራት አጭር ነው፣ በድንገት ይቀጥናል። የእንቁላል በሊታው ቀስ በቀስ እየቀጠነ ይሄዳል። ብዙ ሰው በተለምዶ እፉኝት የሚለው ያ ወፍራሙ ደግሞ ጨርሶ ከዚህ ጋር አይምታታም፤ ሰውነቱ ድንቡሽቡሽ ያለ ነው።

አሁን ልብ ይበሉ። ከነዚህ ምልክቶች የትኛው ነው ማታ፣ በባትሪ ብርሃን፣ እባቡ ተጠቅልሎ እየተወረወረ ሳለ የሚታየው? አንዱም። ለማየት መቅረብ ያስፈልጋል፤ መቅረብ ደግሞ አደጋው ራሱ ነው። ወንድምዎ ላይ የምቆጣውም ለዚህ ነው። ያነበበው ወይም የሰማው ነገር ትክክል ነው። ግን ይህ እባብ ሰውነቱም ጠባዩም የተሠራው ዓይንን ለማታለል ነው። እኛ እፉኝትን የምንለይባቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ይዟል። እሱ እፉኝትን ከመሰለ፣ እፉኝቱም እሱን ይመስላል። «እንቁላል በሊታ ነው» ብሎ የሚዘረጋ እጅ አንድ ቀን ኤኪስ ላይ ያርፋል።

የኤኪስ ንክሻ ምን እንደሚያደርግ ማወቅም ጥሩ ነው። መርዙ ደም የሚያረጉትን ንጥረ ነገሮች ያለ አግባብ ያስነሳና ያሟጥጣቸዋል። ከዚያ ደም አልረጋ ይላል። ከድድ፣ ከአሮጌ ቁስል፣ አንዳንዴም ከአንጎል ውስጥ መድማት ይጀምራል። ሰውዬው መጀመሪያ ላይ ደህና ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ቀላል ምርመራ ያደርጋሉ፦ ጥቂት ደም ንጹሕና ደረቅ የመስታወት ቱቦ ውስጥ አስቀምጠው 20 ደቂቃ ሳይነኩት ይተዉታል። ቱቦውን ሲያዘነብሉት ደሙ ካልረጋ መርዙ ሥራውን ጀምሯል። መድኃኒቱ ፀረ መርዝ ነው፤ እሱም ለአካባቢው እባብ የተሠራ መሆን አለበት። ለእስያ ኤኪስ የተሠራው ለአፍሪካው በሚገባ አይሠራም። የካውሰስ ንክሻ ብዙ ጊዜ ሰው አይገድልም፤ እብጠቱና ሕመሙ ግን ቀላል አይደለም።

በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ወደ 5.4 ሚሊዮን ሰው በእባብ እንደሚነከስና ከ81,000 እስከ 138,000 የሚሆነው እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ድርጅቱ የእባብ ንክሻን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከሚሞቱት አብዛኞቹ የገጠር ሰዎች ናቸው፤ ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ ሰዓታት ያልፉባቸዋል።

ሰው ከተነከሰ «የትኛው እባብ ነው?» እያሉ ጊዜ አያባክኑ። መርዛማ እንደሆነ ቆጥረው ይነሱ። እባቡን ለመያዝ ወይም ለመግደል አይሯሯጡ፤ ሁለተኛ ሰው የሚነከሰው እንደዚያ ሲሆን ነው። ከርቀት ፎቶ ማንሳት ከተቻለ ጥሩ ነው፣ ካልተቻለ ይቅር። ቀለበት፣ አምባር፣ ጠባብ ጫማ ወዲያው ይውለቅ፤ እብጠት ይመጣልና። የተነከሰው እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ደግፈው ይሰሩት። ሰውዬው አይራመድ፣ ተሸክመው ወይም በመኪና ይውሰዱት። በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ጠበቅ አድርጎ ማሰር፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ፣ እነዚህ ሁሉ አይጠቅሙም፤ አንዳንዶቹ እጅ እግር ያሳጣሉ። በተለይ ደሙ አልረጋ ያለ ሰው ላይ ምላጭ ማሳረፍ ማለት መድሚያ በር መክፈት ነው። ለሕመሙ አስፕሪንም ሆነ አይቡፕሮፌን አይስጡ፤ እነሱም ደም ያቀጥናሉ። ምንም ምልክት ባይታይ እንኳ 24 ሰዓት ጤና ተቋም ውስጥ ቢቆይ ይሻላል።

ስለ ሞተው እባብም አንድ ነገር ልበል፤ ወንድምዎ ሊያነሳው ነበር ብለዋልና። የሞተ የመሰለ እፉኝት ይነክሳል። ጭንቅላቱ ተቆርጦ እንኳ ለተወሰነ ጊዜ አፉን ሊገጥም ይችላል። መጣል ካለበት በረጅም እጀታ አካፋ ያንሱት፤ በእጅ ፈጽሞ አይንኩት።

አባትዎ ላይ ግን አልፈርድም። ጨለማ ነው፣ ልጆች አጠገቡ ናቸው፣ እባቡም የሚችለውን ሁሉ አድርጎ እፉኝት መስሏል። ለሌላ ጊዜ የምመክረው ዱላውን ሳያነሱ ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ኋላ እንዲሉ ነው። እባቡ ከነጠላ ዝላዩ አይርቅም፤ አያሳድድም። መብራቱን እሱ ላይ አድርገው፣ ልጆቹን አውጥተው፣ በሩን ክፍት ትተው ይጠብቁ። አብዛኛውን ጊዜ ጸጥታ ሲያገኝ ራሱ ይወጣል። ካልወጣና በአካባቢው እባብ ማንሳት የሠለጠነ ሰው ካለ እሱን ይጥሩ። እንቁላል በሊታ ከሆነ የሚያጠፋው ጥቂት እንቁላል ነው። እፉኝት ከሆነም ከዱላ ይልቅ ርቀት ይጠብቃችኋል።

ዶሮ ቤቱን በተመለከተ፣ ማታ በባዶ እግር አይግቡ፣ ያለ ባትሪ አይግቡ። እጅዎን ወደ ጎጆው ከመክተትዎ በፊት ያብሩበት። የፈሰሰ እህል አይጥ ይጠራል፤ አይጥ ደግሞ እውነተኞቹን እፉኝቶች ይጠራል፤ ስለዚህ በየቀኑ ይጠረግ። ግድግዳው ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ይደፈን። እንቁላል በሊታው ግን የሚመጣው ለእንቁላል ብቻ ነው። ሳይመሽ ከሰበሰባችሁት የሚመለስበት ምክንያት አይኖረውም።